በአባቴ ስም ወጥቼ ቦምቤ የቀረሁበት ዓመት

አባቴ በእሱ ፈንታ ሐጅ አድርጌለት እንድመለስ ላከኝ፤ እኔ ግን የሰው አገር ወደብ ስዞር ሐጁ አለፈኝ። ይህችን ሳልሸፋፍን ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁንም ጽፌያት ቀለለኝ አልልም።

አባቴ ደሴ ውስጥ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው ለሚጋልብባት በቅሎ ሲሰፋ ኖረ። በየዓመቱ የሐጅ ተጓዦች ሲነሱ ሥራውን ጥሎ እስከ ከተማው ዳር ይሸኛቸውና "ለከርሞ እኔ ነኝ፣ ኢንሻአላህ" እያለ ይመለሳል። ከርሞ ሲደርስ ወይ እናታችን ትታመማለች፣ ወይ አገሩ ይታወካል፣ ወይ መንገዱ ይዘጋል። ጣልያን ደሴ ከገባ በኋላ መኪና በዛ፤ በቅሎ የሚጋልበው ሰው አነሰ፤ የኮርቻውም ሥራ ተቀዛቀዘ። እናታችን በዚያው ሰሞን ሞተች። እሷ በሞተች ዓመት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ወስፌውን እንደያዘ አባቴን ጎኑን መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። የደሴ ብርድ ይጎዳዋል ተብሎ እህቴ ኮምቦልቻ ቤቷ ወሰደችው። እህቴ ታላቄ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖር ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደሴ አንድ ዓረብ ጨርቅ ቤት ሻጭ ነበርኩ። ጨርቁ የሚመጣባቸው ሳጥኖች ላይ የማላነበው ጽሑፍ ታትሞባቸዋል። "ይኼ የት ነው?" ስለው ዓረቡ "ቦምቤ" ይለኛል። "ይኼስ?" "ዓደን።" ገበያ የቀዘቀዘ ዕለት ወንበሩን ወደ ደጅ ያወጣና ያወራልኛል፤ ቤት በቤት ላይ ስለተደራረበበት አገር፣ ሰው ከሰው ትከሻ ሳይነካካ ስለማያልፍበት መንገድ፣ በአንድ ጎዳና ላይ አሥር ዓይነት ቋንቋ ስለሚሰማበት ገበያ። እኔ ያንን ለማየት እሞት ነበር። ለንግድ አልነበረም፤ ለትምህርትም አልነበረም። እንዲሁ ሄዶ ለማየት ብቻ። እንዲህ ያለው ምኞት ለማን ይነገራል? እኛ አገር ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለገበያ፣ ለዘመድ፣ ለዚያራ ወይም ለሐጅ ነው። "ለምን ልትሄድ ነው?" ቢሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ አባቴ ኮምቦልቻ አስጠርቶ "እኔ እንግዲህ አልሆንም፤ አንተ ሂድልኝ" ሲለኝ እንባዬ መጣ። የተሰበሰበው ሰው ለአባቱ አለቀሰ ብሎ መረቀኝ። እኔ ያለቀስኩት ባሕር ላይ ልወጣ ነው ብዬ ነበር።

ሸሁ ተጠርተው መጡ። አባቴ "ለራሱ ሐጅ ያላደረገ ልጅ ለኔ ቢያደርግልኝ ይሆናል?" ብሎ ጠየቃቸው። ሸሁ በሚከተሉት የሸሪዓ መንገድ፣ በመዝሃባቸው፣ እንደሚሆን ነገሩትና ወደ እኔ ዞረው "ነጩን ልብስ ስትለብስ ይህ ለአባቴ ነው ብለህ ነይት። እሷን ከሳትክ ሁሉም የለም" አሉኝ። አባቴ የቀረችውን አንዲት በቅሎ፣ ለራሱ ብሎ በዕድሜው አንድ ጊዜ ከሰፋው ኮርቻ ጋር ሸጣት። የሥራ ዕቃውንም ሸጠው። እህቴ "አብዬ፣ ቢሻልህስ? በምን ትሠራለህ?" ስትለው "ሐጄ ከደረሰልኝ ኮርቻ ምን ያደርግልኛል" አላት።

ልነሳ ስል በሚሠራው በግራ እጁ አንገቴን ያዘኝ። "አረፋ ተራራ ላይ ስትቆም ስሜን ጥራልኝ። በሆድህ እንዳትጠራው። በአፍህ፣ ድምፅ አውጥተህ።"

"እሺ አብዬ።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

በዚያው ጠዋት ከቢስቲማ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። እሳቸውም ለሐጅ ነው የወጡት። አንደኛው ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ ሌላኛውም ደህና አያይም። አባቴ አጠገቡ አስቀምጧቸው ሲጨዋወቱ ቆዩና "እሳቸውን እንደኔ አድርገህ ያዝልኝ" አለኝ። እኔም አያ እያልኩ እጃቸውን ይዤ የጭነት መኪናው ላይ አወጣኋቸው።

በባቲ በኩል አድርገን ወደ አሰብ ወረድን። መንገዱ ገና እየተሠራ ነበር፤ ሙቀቱና አቧራው አፍ አያስከፍትም። አያ በመንገዱ ሁሉ የሚናገሩት ስለ በሬዎቻቸው ነበር። አሰብ ላይ ባሕሩን ስናይ ክንዴን ያዙና "ምን ይመስላል? ንገረኝ" አሉ። ነገርኳቸው። ለሌላ ሰው ዓይን የሆንኩት በዚያ ጉዞ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአሰብ በሰንቡክ ጀልባ ዓደን ገባን። ጠዋት ነበር። ቅጠል የሌለው ጥቁር ተራራ፣ ከሥሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ባሕሩ ላይ ከቤቶቹ የሚበልጡ መርከቦች። የጂዳው መርከብ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ያህል እንደምንቆይ ተነገረንና አንድ መስጊድ በረንዳ ላይ አረፍን። እኔ ዕቃዬን አስቀምጬ ወዲያው ወጣሁ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ግመል የውሃ ጋሪ እየጎተተ በመኪና መሀል ያልፋል። ከሰል የሚሸከሙ ሰዎች ከዓይናቸው ነጭ በቀር ምንም አይታይባቸውም። ጎዳናው ዳር የገመድ አልጋ ተደርድሮ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይተኛል። በአንድ ረድፍ ሱቅ ውስጥ አይሁዱ ብር ይቀጠቅጣል፣ ሕንዱ ቅመም ይሰፍራል፣ ሱማሌው ሽቶ ይሸጣል። እኔ የማውቀው የቂርአት ቤቱን የመጽሐፍ ዓረብኛ ብቻ ነው። አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ባዝ ባለቤቱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀና "ኪታብ አፍ አውጥቶ ያናገረኝ መሰለኝ!" አለ። ተቀምጬ አብሬው ሳቅኩ። ደስታዬን የምይዝበት አልነበረኝም። በማላውቀው መንገድ ገብቼ በማላውቀው እወጣለሁ፤ ስጠፋ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ጠዋት እንደወጣሁ ወደ ማምሻው ስመለስ አያ ከተውኳቸው ቦታ አልተነቃነቁም። ምግብ አልቀመሱም። ብቻቸውን ወጥተው መግዛት አይችሉም፤ ቋንቋውንም አያውቁትም። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን "መጣህ? ደህና ነህ?" አሉኝ። አፈርኩና ዳቦና ዓሣ ገዝቼ አመጣሁላቸው። በማግስቱ ደግሞ ወጣሁ።

በአሥረኛው ቀን ወደቡ ላይ ስዞር የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቆዳ ነው፤ ያውም የኛ አገር ቆዳ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የወጣ መሆኑን ባለቤቱ ሕንድ ነጋዴ ነገረኝ። ቦምቤ እስኪደርስ መርከቡ ላይ የሚጠብቅለት ሰው ይፈልግ ነበር። "እኔ ሐጅ ነው የምሄደው" አልኩት። ሳቀ። "ከቦምቤ የሐጅ መርከብ በየጊዜው ወደ ጂዳ ይነሳል። ከዚህ የሚሻል ነው።" እውነቱን ነው፤ መርከብ አለ። ቀኑንም ቆጠርኩት፤ ይበቃኛል። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የተታለልኩ ቢሆን ኖሮ የማማርረው ሰው ይኖረኝ ነበር።

ለአያ ነገርኳቸው። "እኔ በቦምቤ በኩል ልዞር ነው። ከዚያ የሐጅ መርከብ አለ። ጂዳ እንገናኛለን።"

"ቦምቤ ምን አለህ?"

"ሥራ አግኝቻለሁ።"

"አባትህ ሥራ ፈልግ ብሎ ነው የላከህ?"

ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

"እኔንስ መርከብ ላይ ማን ያሳፍረኛል?"

"ለመስጊዱ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ አያ። ያሳፍሩዎታል።"

ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረጉ። "እሺ። ጂዳ እጠብቅሃለሁ" አሉ።

ቦምቤ መርከቡ ሲጠጋ ገና ከሩቅ ሽታው ተቀበለን፤ ዓሣ፣ ከሰል፣ ቅመም፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ። ከወደቡ እንደወጣሁ የሰው ጎርፍ ወሰደኝ። ቤቶቹ አራትና አምስት ፎቅ ናቸው፤ በየሰገነቱ የታጠበ ልብስ ተንጠልጥሎ ሰማዩን ጋርዶታል። አንዱ ቤት ውስጥ ገብቼ ደረጃውን ወጣሁት፤ በየደረጃው ሰው ተቀምጧል፣ ይላጫል፣ ይበላል፣ ልጅ ያጥባል። ኮምቦልቻ ያለው ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን አንድ ቤት አይሞላውም። መንገዱ ላይ ቀይ ነገር ተረጭቶ ሳይ ደም መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሰው ቅጠል አኝኮ የሚተፋው ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን የከተማ ባቡር ትራም ይሉታል፤ ዘልዬ ተሳፈርኩበት፤ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።

በወደቡ ሰፈር አንድ የመርከብ እሳት አንዳጅ አገኘሁ። መልኩ ቁርጥ ደጋን ከተማ የሚኖረውን አጎቴን ነው። "ሐበሺ፣ ሐበሺ" እያለ ደረቱን ይመታል፤ አያቶቹ ከኛ ወገን ባሕር ተሻግረው የመጡ መሆናቸውን በምልክት ነገረኝ። አንዲት የኛን ቃል አያውቅም። እንዴት እንደመጡ ልጠይቀው ብል የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም፤ በፈቃዳቸው እንዳልመጡ ግን ሁለታችንም ሳናውቀው አንቀርም። እጄን ይዞ ቤቱ ወስዶ ሩዝ አበላኝ። እናቱ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ስታየኝ ቆየችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለአባቴ ያላወጣሁትን እንባ ለማላውቃት ሴት አወጣሁት።

የማድረው የሐጅ ተጓዦች በነፃ በሚያርፉበት ትልቅ ቤት ነበር። የቤቱ ጸሐፊ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል፤ የፈንጣጣ ክትባት ተከትቦ ወረቀት ያልያዘ ሰው አይሳፈርም፤ መከተቢያው በጠዋት ነው፤ ሰልፍ አለው። "ነገ እሄዳለሁ" አልኩት። በነጋው የዓሣ ገበያውን ለማየት በጠዋት ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው በረንዳው ላይ አስቁሞ "ወረቀትህስ?" አለኝ። "ነገ።" አንዱ መርከብ ሄደ። "ሌላ አለ" አልኩ። እውነትም ነበር። ጸሐፊው ሲያየኝ መጠየቁን ተወ። ተጓዦቹ ቁርኣን ሲቀሩ ይውላሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ያለቅሳሉ፤ እኔ ከእነሱ መሀል ተነስቼ ትናንት ያላየሁትን ጎዳና ፍለጋ እወጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ተከተብኩ፤ ወረቀቱን ስጡኝ ስል "ከአራት ቀን በኋላ፣ ቁስሉ ታይቶ" አሉኝ። ከአራት ቀን በኋላ ጠዋት ላይ ወረቀቱን ልቀበል ስሄድ ትራሙ ከፊቴ ቆመ። የዚያን መስመር መጨረሻ ገና አላየሁትም ነበር። አየት አድርጌ እመለሳለሁ ብዬ ተሳፈርኩ።

የመስመሩ መጨረሻ ላይ ምንም የለም። አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ ጭቃ ውስጥ የተኙ ጎሾች የመሰሉ ከብቶች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች። ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቴን ይዤ ስመለስ ማረፊያ ቤቱ ባዶ ነው። ሠራተኞች አልጋዎቹን ወደ ግቢ አውጥተው ውሃ እየደፉ ያጥባሉ። ጸሐፊውን አገኘሁት።

"ሰዎቹስ?"

"ተሳፈሩ። እኩለ ቀን ላይ ተነሳ።"

"የሚቀጥለውስ?"

"የለም። የመጨረሻው እሱ ነበር። ዛሬ ካልተነሱ ለአረፋ አይደርሱም።"

ቆሜ ቀረሁ። ጸሐፊው ደግ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። "ለከርሞ፣ ኢንሻአላህ" አለኝ። አባቴ በየዓመቱ ከተማ ዳር ቆሞ የሚላትን ቃል ነው የነገረኝ። ወረቀቱን ገና በእጄ እንደያዝኩት ነበር።

የአረፋ ዕለት መሀሉ ላይ የውሃ ገንዳ ያለበት አንድ መስጊድ ሄጄ ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የአባቴን ስም ድምፅ አውጥቼ ልጠራ ሞከርኩ። ምላሴ እንቢ አለኝ። በማግስቱ ዒዱ ሆነና ሰዉ ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ወጣ። ከተማዋ ያው ናት፤ ትራሙ ያው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጎዳና ለማየት አልወጣሁም።

በዕቃ ጫኝነት ሠርቼ በመርከብ ወለል ላይ ዓደን ተመለስኩ። እዚያም ወደብ ላይ ተሸክሜ እያደርኩ አንድ ወር ያህል ቆየሁ። ሥራው ቸግሮኝ አልነበረም። ሐጃጆች የሚመለሱበት ጊዜ እስኪደርስ እየጠበቅኩ ነበር። ወደ ማታለሉ የገባሁት እንግዲህ በስህተት አልነበረም፤ ቀን መድቤ ነው። ልነሳ ስል፣ ሐጃጆች ከመካ በሚያመጡት በዘምዘም ውሃ ፈንታ፣ አንዲት ቆርቆሮ ገዝቼ ከወደቡ ቧንቧ ውሃ ሞላሁባት፤ አፏንም በሰም አስደፈንኳት።

ኮምቦልቻ ስደርስ እልልታው ከመንገድ ተቀበለኝ። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ሐጂ! ወንድምዓለም ሐጂ!" አለች። አባቴ በሰው ተደግፎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እጄን ወስዶ ሳመው። አባቴ እጄን ሳመው።

"አረፋ ላይ ስሜን ጠራኸው?"

"ጠራሁት አብዬ።"

"በአፍህ?"

"ጮክ ብዬ።"

ግማሹ ፊቱ ሳቀ፤ ግማሹ አይታዘዘውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠን አውራኝ ይለኛል። "ካዕባን ሲዞር ሰዉ እንዴት ነው?" ይለኛል። የቦምቤን ጎዳና እነግረዋለሁ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ሽማግሌው ከሕፃኑ፣ ጥቁሩ ከቀዩ። "ቋንቋውስ?" የዓደንን ገበያ እነግረዋለሁ። "የኛ ወገን አገኘህ?" የመርከብ እሳት አንዳጁን እናት እነግረዋለሁ፤ ካዕባ ሥር ያገኘኋት አድርጌ። አባቴ ሲሰማ ያለቅሳል። ጎረቤት ይሰበሰባል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ አምሮልኝ ያወራሁበት ጊዜ የለም።

ሳምንት ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አያ ከቢስቲማ መጡ። ድምፃቸውን ከደጅ ስሰማ ከአባቴ አጠገብ ተነሳሁ። አባቴ "ሐጂ! እንኳን አላህ ለዚህ አበቃዎት" ብሎ አጠገቡ አስቀመጣቸው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

"ልጄ እንዴት አድርጎ ያዘዎት?" አለ አባቴ።

አያ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ። በዚያ ዓይናቸው ያዩኝ አያዩኝ አላውቅም። "ወጣት ነው። ይሮጣል" አሉ።

"አረፋ ላይ አብራችሁ ነበራችሁ?"

"ያ ሁሉ ሰው ባለበት ማን ከማን ይገናኛል" አሉና ቀጥለው "እኔም ግን ስምዎን ጠርቼዋለሁ። ድምፅ አውጥቼ" አሉት። ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው በእጁ አስያዙት። "ይችም ዘምዘም ናት። የልጅዎ እያለ ባያስፈልግዎም ከእኔ ትሁንልዎ።"

ልሸኛቸው ወጣሁ። ከግቢው እንደራቅን ቆሙ።

"ጂዳ ወደቡ ላይ ሦስት ቀን ጠበቅሁህ። ዓይኔ አይለይ፤ ከመርከብ የሚወርደውን ሁሉ በድምፁ እያዳመጥኩ ቆየሁ። ምናልባት ታሞ ይሆናል ብዬ ዱዓ አደረግኩልህ።"

"አያ፣ አፉ ይበሉኝ።"

"ታመህ ነበር?"

"አልታመምኩም።"

"እስር ላይ ነበርክ?"

"አልነበርኩም።"

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። "ውስጥ ያልኩት ለአባትህ ብዬ ነው፤ ለአንተ አይደለም። ከእንግዲህ ብታገኘኝ ሰላም አትበለኝ፤ እንዳልመልስልህ ያስቸግረኛል" ብለው ሄዱ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ በከዘራቸው እየዳበሱ ነበር የሚሄዱት። ተከትዬ እጃቸውን አልያዝኩም። ደፍሬ አልቀረብኳቸውም።

አባቴ በዚያው ክረምት ደከመ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየደበደበ ትንፋሹ ሲያጥር እህቴ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ "ዘምዘሙን አምጣው፣ ቶሎ!" አለችኝ። መደርደሪያው ላይ የእኔ ቆርቆሮና የአያ ጠርሙስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠርሙሷን አነሳሁ።

"ያንተው እያለ የሰው ትከፍታለህ?"

"ይኼኛው ይሻላል።"

"ዘምዘም ከዘምዘም ምን ይሻላል? ያንተን አምጣ እንጂ! በስሙ የመጣው እሱ ነው።"

ቆሜ ጠርሙሷን ያዝኩ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"የእኔው የዓደን ውሃ ነው" አልኩ።

አልጮኸችም። ጠርሙሷን ከእጄ ተቀብላ ጥጥ ነከረችና ከንፈሩን አራሰችው፤ ከዚያም ጠብ ጠብ አደረገችለት። አባቴ ዓይኑን ከፈተ። "የልጄ ነው?" አለ። ቃሉ ተሰባብሮ ነው የወጣው፤ ግን ሁለታችንም ሰምተነዋል።

"አዎ አብዬ፣ የልጅህ ነው" አለችው።

ሳይመሽ፣ ከዓስር ሶላት በፊት አለፈ።

ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ "ሐጂ፣ አላህ ያጽናህ፤ ለአባትህ ያደረግከው ልጅ ለአባቱ የማያደርገው ነው" አለኝ። እንግዳው ከተበተነ በኋላ ቦምቤ እንደቀረሁ ለእህቴ ነገርኳት፤ ቆርቆሮዬን ከመደርደሪያው አውርዳ ግቢው ውስጥ ደፋችው። "ለአባቴ ዋሽቼው አላውቅም ነበር። ያስዋሸኸኝ አንተ ነህ" አለችኝ። "ለሰው አልናገርብህም። ሐጂ ብዬ ግን አልጠራህም።" ቃሏን ጠበቀች። ኮምቦልቻና ደሴ ሙሉ ሰው ሐጂ ሲለኝ እሷ ብቻ በስሜ ትጠራኝ ነበር። ሰዎች እህቱ ናት፣ ደፍራ ነው ይላሉ።

በዓመቱ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ጦርነቱ መጣና ባሕሩ ተዘጋ። ከዚያ ትዳር፣ ልጆች፣ ሱቅ። መጀመሪያ ለራሴ፣ ከዚያም ለአባቴ ሐጅ ለማድረግ ስበቃ ጸጉሬ ነጭቷል። አረፋ ላይ ስሙን በአፌ ጠራሁት፤ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ከአላህ ዘንድ ደርሶት ይሆናል። እኔን ግን አላሳረፈኝም፤ አባቴ በሕይወት ሳለ እጄን የሳመው ላላደረግኩት ነገር ነው። አያ ዘንድ ቢስቲማ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ከሞቱ ቆይተዋል አሉኝ። አፉ የሚለኝ ሰው አጥቼ ተመለስኩ።

ሁለተኛውን ሐጅ አድርጌ ስመለስ እህቴ አርጅታለች። ልጆቼ ከበው ስለ መካ ሲጠይቁኝ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ሲወጡልን ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ቦምቤ የምትለው አገር እንዴት ያለ ነው?"

በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ቦምቤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ከእሷ ሌላ የሚያውቅልኝም የለማ። ነገርኳት። ትራሙን፣ የተደራረቡትን ቤቶች፣ ዓሣ ገበያውን፣ ቀዩን ምራቅ። ሳወራ ድምፄ እየጋለ መሄዱ ለራሴም ተሰማኝ። ከመካ ይልቅ እሱን አጥርቼ አስታውሰው ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ይህንንም አልሸሽገውም።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ያምራል?" አለች።

"ያምራል።"

"እንኳን አማረልህ" አለችና ግድግዳውን ተደግፋ ተነስታ ወጣች።